ደረትና ጡት፦ «ፓምፒንግ አይረን 2»ን ሜትር ይዞ ማየት

ባለፈው ጥር ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ቀሚስ ላሰፋ ከእናቴ ጋር ሽሮ ሜዳ ወጣን። ልብስ ሰፊው ከሦስት ዓመት በፊት ለሌላ ሰርግ የሰፋልን ሰው ነው፤ የደንበኞቹን ልክ ጠርዙ ባለቀ ደብተር ላይ ጽፎ ያስቀምጣል። ሜትሩን በብብቴ ስር አዙሮ ከፊት ገጠመው፣ ደብተሩን አየ፣ እንደገና ለካ። «ደረትሽ አምስት ሳንቲም ጨምሯል» አለኝ።

እናቴ ከት ብላ ሳቀች። «ከየት አምጥታ? እሷ እኮ ብረት ስትገፋ ያላትንም አጠፋችው!»

«እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ፣ ሜትሩ ነው ያለው።»

እኔ መሬት መሬት እያየሁ ቆምኩ። እናቴ ዓይኗ ያየውን ተናገረች፣ እሱ እጁ የለካውን። ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም ብዬ ነው ከሱቁ የወጣሁት። እንደሚችሉ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ያስገባኝም፣ ይገርማል፣ ከአርባ ዓመት በፊት የተሰራ አንድ የአሜሪካ ፊልም ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ፊልሙን ያየሁት ለጥበብ ብዬ አይደለም። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ኢንጂነሪንግ ተምሬ ስወጣ ጀርባዬ የሃምሳ ዓመት ሰው ጀርባ ሆኖ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ፣ አንገት ወደ ስክሪን። ጂም የገባሁት ለጀርባዬ ነው። እናቴ በመጀመሪያው ወር ደገፈችኝ፤ በሦስተኛው ወር ዳምቤል የያዝኩበትን ፎቶ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ወንዳወንድ ልትሆኚ ነው አለችኝ። ቀጠለችና ያልጠበቅኩትን ጨመረች፦ «ጡትሽን ታጠፊዋለሽ። ነገ ስትወልጂ ምን ልታጠቢ ነው?»

ስቄ ላልፈው እችል ነበር። ችግሩ ጂም ውስጥም ተመሳሳይ ወሬ መኖሩ ነው። አንዷ ልጅ ቤንች አጠገብ አትደርስም፤ «ያጠፋብኛል» ትላለች። ሌላዋ ከቤንች አትነሳም፤ «ከፍ ያደርገዋል» ትላለች። አንድ ብረት፣ አንድ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ተቃራኒ እምነት። ሁለቱም አሰልጣኙን ጠይቀው «አዎ» ብሏቸዋል። (አሰልጣኛችን ለሁሉም «አዎ» ነው የሚለው፤ ደንበኛ ማቆያ ነው።) እኔም መሃል ቆሜ ለስምንት ወር ያህል የደረት ሥራ አቆምኩ። ያቆምኩት ስላመንኩ አይደለም፣ ብሳሳትስ ብዬ ነው። ስህተት ቢሆን መልሼ የማላስተካክለው ነገር ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን ነው «ፓምፒንግ አይረን 2፦ ዘ ዊሜን»ን ያየሁት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ፊልሙ የወጣው በ1985 ነው። ዳይሬክተሩ ጆርጅ በትለር፣ በ1977 አርኖልድ ሽዋርዘኔገርን ከጂም አውጥቶ ለዓለም ያሳየውን የመጀመሪያውን «ፓምፒንግ አይረን» ከሮበርት ፊዮሬ ጋር የሰራው ሰው ነው። በሁለተኛው ወደ ሴቶቹ ዞረ። ቦታው ላስ ቬጋስ፣ ሲዛርስ ፓላስ ሆቴል፤ ጊዜው 1983። ውድድሩም ለፊልሙ ሲባል የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ዶክመንታሪ ቢባልም ከመነሻው ጥያቄው ተመርጦ፣ ተጣጣሪዎቹም ተመርጠው የተሰራ ነገር ነው።

ጥያቄው ምንድን ነው? አንዲት ሴት ጡንቻ ብታበዛ ሴት መሆኗን የምታቆመው ስንት ላይ ነው? በአንድ ጫፍ ራሄል መክሊሽ አለች፣ የቴክሳሷ ቆንጆ፣ በ1980 የመጀመሪያዋ ሚስ ኦሎምፒያ፣ በ1982ም እንደገና ያሸነፈች። በሌላው ጫፍ ቤቭ ፍራንሲስ አለች፣ አውስትራሊያዊት፣ አሎሎ ወርዋሪ የነበረች፣ በፓወርሊፍቲንግ የዓለም ሻምፒዮን፣ በቤንች ከ300 ፓውንድ በላይ በመግፋት የመጀመሪያዋ ሴት። ሦስት መቶ ፓውንድ ማለት ወደ 136 ኪሎ ነው። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ ወንዶች ይህን ብረት ከመሬት ለማንቀሳቀስም ይቸገራሉ። በመሃል ደግሞ ካርላ ደንላፕ አለች፤ ጥቁር፣ ነገር የገባት፣ ከሁሉም በላይ በስብሰባ ላይ አፏን ከፍታ ጥያቄ የምትጠይቅ።

ፊልሙ ቤቭን እንድንወዳት ይፈልጋል፣ ወደድኳትም። ፊቷ ላይ ተንኮል የለም። ሰው ሁሉ ስለ ገላዋ ሲያወራ እሷ የምትሰራው ሥራ ላይ ነች። ራሄል በተቃራኒው ከፊልሙ ብዙ ምሕረት አታገኝም፤ ይህን ያህል መጥፎ ገጸ ባሕርይ የሚገባት አይመስለኝም። የምትጫወተውን ጨዋታ ሕግ እሷ አላወጣችውም፣ በደንብ ተረዳችው እንጂ። በራሄል ቢኪኒ የላይኛ ክፍል ላይ ክርክር የሚነሳበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ፊልሙን አቁሜ ሳቅሁ። ስለ ሰው አካል የተጠራ ውድድር ስለ ጨርቅ መጨቃጨቅ ጀመረ! ሴትነት ብለው የሚፈልጉት ነገር ስንቱ ገላ ላይ እንዳለ፣ ስንቱ ጡት ማስያዣው ላይ እንዳለ ዳኞቹም አይለዩትም።

የፊልሙ ምርጥ ክፍል ግን የዳኞቹ ስብሰባ ነው። የዓለም አቀፉ የቦዲ ቢልዲንግ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ቤን ዋይደር ዳኞቹን ሰብስቦ የሚፈለገው ሴትነት ያለው ተክለ ሰውነት መሆኑን ያስረዳል። ይቺ ቃል ግን ምን ማለት ናት? አንድ ወጣት ዳኛ ይከራከራል፤ ጡንቻ ለማወዳደር ተጠርተን እንዴት ብዙ ጡንቻ ያላትን እንቀጣለን የሚል ነው ሐሳቡ። መልስ አያገኝም። ሶፍትዌር የሚሰራ ሰው ይህን ክፍል ሳያላብበው አያየውም፤ ስንት ጊዜ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ። ደንበኛ ይመጣና «ሲስተሙ ፈጣን እንዲሆን ነው የምንፈልገው» ይላል። በስንት ሰከንድ? ስንት ሰው በአንዴ ሲጠቀም? «አይ፣ ብቻ ፈጣን ይሁን።» ተሰርቶ ሲያልቅ ታዲያ ፈጣን መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የኃላፊው የዕለቱ ስሜት ነው። ቤቭ ስምንተኛ ወጣች። ካርላ አሸነፈች፣ ሎሪ ቦወን ሁለተኛ፣ ራሄል ሦስተኛ። የካርላ ማሸነፍ ደስ ይላል፣ ይገባታልም፤ ግን ጥያቄውን ሳይመልሱ በመሃል መንገድ የማምለጥ ሽታ አለው።

እስከዚህ ፊልሙን አደንቃለሁ። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በትለር ዳኞቹን እያሾፈባቸው እሳቸው የሚያዩበትን መነጽር ራሱ አላወለቀም። መስመሩ አንድ ነው፦ በአንድ ጫፍ ሴት፣ በሌላው ጫፍ ጡንቻ፤ ወደ አንዱ በተጠጋሽ ቁጥር ከሌላው ትርቂያለሽ። ራሄል እዚህ፣ ቤቭ እዚያ። ካሜራው ከአንዷ ደረት ወደ ሌላዋ ደረት ሲሄድ ተመልካቹ ሒሳቡን ራሱ ይሰራል፦ ብረት ሲበዛ ጡት ያንሳል። የፊልሙ ስም ራሱ ብረት ነው፤ ጣታችንን ወዴት እንድንቀስር ገና ከርዕሱ ተነግሮናል። እናቴ ይህን ፊልም አይታው አታውቅም፤ ግን ሽሮ ሜዳ ላይ የተናገረችው የዚህን ፊልም ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ ስህተት ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ጡት ከምን እንደተሰራ ማወቅ በቂ ነው።

ጫፉ አካባቢ ካለው ስስ ጡንቻ በስተቀር ጡት ውስጥ ጡንቻ የለም። ያለው ወተት የሚያመነጭ እጢ፣ ስብ፣ እና ሁለቱን አቅፎ የያዘ ጅማት መሳይ ነገር ነው። በብረት የሚያድገው የደረት ጡንቻ ከጡቱ ኋላ ነው ያለው፤ ከደረት አጥንት አካባቢ ተነስቶ ክንድ ላይ ይታሰራል። ግድግዳ ላይ የተደገፈ ትራስ አስቡ። ግድግዳውን ብታወፍሩት ትራሱ ጥቂት ወደ ፊት ይመጣል፤ ትራሱ ውስጥ ያለው ጥጥ ግን አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ስለዚህ ጂማችን ውስጥ ያሉት ሁለቱ ልጆች ሁለቱም ተሳስተዋል ማለት ነው፣ «ከፍ ያደርገዋል» የምትለዋ በትንሹ ብትቀርብም። እሷ የምታየው ትራሱን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። የሴት ቴስቶስትሮን ከወንድ በብዙ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ ግድግዳውም ቢሆን በአንድ ክረምት የሚወፍር አይደለም።

ታዲያ የሚቀንስ ጡት የለም? አለ እንጂ፤ እናቴ ከባዶ አልተነሳችም። ሴት ስትከሳ ስቡ ከመላ አካሏ ይሄዳል፣ ጡት ውስጥ ያለውም አብሮ። ሰውነት ከየት እንደሚጀምር አያማክረንም፤ ሆድ የምትሰራ ከሆድ፣ ደረት የምትሰራ ከደረት አይደለም የሚጠፋላት። የእጢውና የስቡ ድርሻ ደግሞ ከሴት ሴት ይለያያል። በወጣትነት በአብዛኛው እጢው ይበዛል፣ የወር አበባ ካቆመ በኋላ የስቡ ድርሻ ያድጋል። ለዚህ ነው ሁለት ጓደኛሞች እኩል አምስት ኪሎ ቀንሰው አንዷ ጡት ማስያዣዋን በሙሉ ስትቀይር ሌላዋ ምንም ልዩነት የማታየው። አምስቱን ኪሎ ያወረዱት በብረት ይሁን በሩጫ ይሁን ሑዳዴ ጾመው ለውጥ የለውም። ደግሞም ይኸው ጡት በአንድ ወር ውስጥ እንኳን አንድ አይደለም፤ የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ያብጣል፣ ከዚያ ይመለሳል። ሰኞ ለክታ ከሁለት ሳምንት በኋላ የምትለካ ሴት የፈለገችውን ውጤት ማግኘት ትችላለች።

አሁን ወደ ሲዛርስ ፓላስ እንመለስ። ለቦዲ ቢልዲንግ ውድድር የምትዘጋጅ ሴት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ታደርጋለች፦ ብረት ታነሳለች፣ ለወራት ምግብ ትቀንሳለች። ጡንቻው እንዲታይ ከላዩ ያለው ስብ መሄድ አለበት። አንዳንዶቹ ስባቸው በጣም ከመውረዱ የተነሳ የወር አበባቸው ይቆማል፣ ኤስትሮጅናቸው ይወርዳል። መድረክ ላይ ስናያት ታዲያ ሁለቱ ሥራዎች አንድ ገላ ላይ ተደርበው ነው የምናየው፦ ብረቱ የገነባው ጡንቻና ረሃቡ የወሰደው ጡት። አንዱ የታየበት ቀን ሌላውም የታየበት ቀን ስለሆነ አንዱ ሌላውን ያመጣው ይመስለናል። ሁለት ተለዋዋጭ ነበሩ፤ በትለር በአንድ መስመር ላይ ሰቀላቸው። ኮድ ላይ እንዲህ ያለ ስህተት ብሰራ ገምጋሚው በቀይ ያሰምርበታል።

እዚህ ላይ ለፊልሙ አድሎ የሌለው ለመሆን ልሞክር። ሲኒማ ነው፤ ብረት ይጮሃል፣ ላብ ያበራል፣ ያልተበላ እንጀራ ግን አይቀረጽም። ቢሆንም አንድ ሰው፣ አንድ ሐኪም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ፊልሙ ለሥጋ ጥያቄ የፌዴሬሽን ባለሥልጣናትን መልስ ነው የሰጠን።

(በቦዲ ቢልዲንግ ዓለም ሦስተኛም ነገር አለ፣ ስቴሮይድ። ሰው ሰራሽ የወንድ ሆርሞን በሴት ላይ የጡትን ህብረ ሕዋስ እንደሚያሟሽሽ፣ ድምፅን እንደሚያጎረና የታወቀ ነው። ይህን የምለው ስለ ፊልሙ ሴቶች አይደለም። ብረት ብቻ የምታነሳ ሴት ጎን ሆርሞን የምትወስድ ሴት ፎቶ አስቀምጦ «ብረት እንዲህ ያደርጋል» ማለት ሌላ ሁለት ነገር መደረብ ስለሆነ ነው።)

ከፊልሙ በኋላ የሆነው ነገር ይህን መደራረብ ወደ ቀልድ አደረሰው። በ2004 መጨረሻ ፌዴሬሽኑ ከተከታዩ ዓመት ጀምሮ ሴት ተወዳዳሪዎች ጡንቻቸውን በ20 በመቶ እንዲቀንሱ ጠየቀ። 20 በመቶ! ከምን ላይ? ከክብደት? ከክንድ ዙሪያ? ከባለፈው ዓመት ወይስ ከባለፈው ሳምንት? ሃያ ዓመት ሙሉ «ሴትነት» የምትለውን ቃል መፍታት አቅቷቸው ሲያበቃ ቁጥር ለጠፉባት። የማይለካ ነገር ላይ ቁጥር መለጠፍ ደግሞ ከዝምታ ይከፋል፤ የታወቀ ያስመስላል። ሚስ ኦሎምፒያ ከ2014 በኋላ ቆመ፣ እስከ 2020 አልተመለሰም። በዚያ መሃል የቢኪኒ ምድብ ገነነ። ዛሬ በዚያ መድረክ ላይ የቀዶ ጥገና ጡት ብርቅ አይደለም። ስፖርቱ ስቡን አውርጂ ይላታል፣ ስቡ ጡቷን ይዞት ይሄዳል፣ ከዚያ ጡት የታለ ይላታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚወቀሰው ብረት ነው።

ጡንቻና ጡት በአንድ ገላ ላይ ያለ ጠብ ሲቀመጡ ማየት የሚፈልግ ሰው ከበትለር ፊልም ይልቅ በ1983 የወጣውን «ሌዲ፦ ሊሳ ላየን» የሚለውን የሮበርት ሜፕልቶርፕን የፎቶ መጽሐፍ ቢያገላብጥ ይሻለዋል። ሊሳ ላየን በ1979 የመጀመሪያውን የሴቶች የዓለም ቦዲ ቢልዲንግ ሻምፒዮና ያሸነፈች ናት። ፎቶዎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ አንዳንዴ ከመጠን በላይ የታሰበባቸው፣ ብርዱ የሚሰማም አላቸው። ግን ነጥብ የሚሰጥ ዳኛ ከጎን የለም። ክንዷ ክንድ ነው፣ ጡቷ ጡት ነው፤ አንዱ ለሌላው ማስረጃ ሆኖ አልቀረበም።

ወደ ሜትሩ ልመለስ፤ ከሁሉ የከነከነኝ እሱ ነውና።

ጡት ማስያዣ ላይ ያለው ልክ ቁጥርና ፊደል ነው። ቁጥሩ ከጡት ስር ያለው የአካል ዙሪያ ነው፣ በኢንች። ፊደሉ ደግሞ ጡቱ ላይ የተለካው ዙሪያ ከዚያ ቁጥር በስንት እንደሚበልጥ ነው፤ አንድ ኢንች ኤ፣ ሁለት ቢ፣ ሦስት ሲ። ማለትም ፊደሉ መጠን አይደለም፣ ልዩነት ነው። ይህን ስረዳ ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ ኢንጂነሪንግ ተምሬ! በእኛ ሰፈር ሱቆች ቁጥሩን ብቻ ነው የምንጠይቀው፤ ፊደሉን የሚያነብ የለም። ነገሩ የሚያስቀው እዚህ ነው፦ የ34ሲ ጎድጓዳ ክፍል፣ ሻጮቹ ካፕ የሚሉት፣ እና የ36ቢ ካፕ የሚይዙት መጠን በግምት እኩል ነው። ጀርባዋን በደንብ ሰርታ ማሰሪያው የጠበበባት ሴት 36 ስትጠይቅ፣ ያው የድሮው ጡቷ የሚገባበት ካፕ አሁን ቢ ተብሎ ታገኘዋለች። ከሲ ወደ ቢ «ወረደች»። አንድ ግራም አልቀነሰችም። በተቃራኒው ከስታ ከ36ሲ ወደ 34ሲ የሄደች ሴት ፊደሏ አልተነካም፣ ጡቷ ግን በእርግጥ አንሷል። ስንት ሴት በዚህ ፊደል ምክንያት ከጂም ቀርታ ይሆን ብዬ አስባለሁ። አንዷን አውቃታለሁ፤ ስምንት ወር።

አማርኛችን በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛው የተሻለ ነገር አለው። ደረት ሌላ፣ ጡት ሌላ ነው። «ደረቱን ነፍቶ ሄደ» ስንል ስለ ጡት የሚያስብ የለም። ቃላችን የለየውን ሜትሩ ይደባልቀዋል፤ ምክንያቱም የልብስ ሰፊው «ደረት» ከፊት ጡቱን፣ ከጎን የብብቱን ጡንቻ፣ ከኋላ ጀርባውን አንድ ላይ ጠቅልሎ በአንድ ቁጥር ይጽፈዋል።

አንድ ቅዳሜ ይህን ሁሉ ለእናቴ ቡና እየተፈላ አስረዳኋት። ስለ ፊደሉ ብዙም አልደነቃትም። የማጥባቱን ነገር ስነግራት ግን ስኒዋን አስቀመጠች። የወተት መጠን በጡት ትልቅነት አይለካም አልኳት፤ ትልቅነቱን በአብዛኛው የሚሰጠው ስቡ ነው፣ ወተቱን የሚሰጠው እጢው፣ ብረት ደግሞ እጢውን አይነካውም። ትንሽ ዝም አለችና «እሱስ እውነት ነው» አለች። «እናቴ ደረቷ እንደ ሰሌዳ ነበር፤ ሰባት ልጅ ነው ያጠባችው።» አያቴ ገጠር የኖረች ናት። ውሃ በእንስራ በጀርባዋ አዝላ ዳገት ትወጣ ነበር፣ ሙቀጫ ትወቅጥ ነበር፣ ወፍጮ ላይ ተንበርክካ ትፈጭ ነበር። ይኸው እኮ ነው፣ አልኳት ደስ ብሎኝ፤ አያቴ ከእኔ የበለጠ ብረት አንስታለች፣ ማንም ጡትሽ ይጠፋል አላላትም። እንጦጦ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትንስ ማን እንዲህ ብሏቸው ያውቃል?

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «እነሱ ወደው ነው? አንቺ ግን ገንዘብ ከፍለሽ ትሸከሚያለሽ።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። የተሸነፍኩበት ክርክር ነው። የሷ ፍርሃት ምን ያህሉ ስለ ጡቴ፣ ምን ያህሉ ልጇ ከሸክም ነፃ እንድትሆን ከመፈለግ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። አያቴ ላይ የነበረው ሸክም እኔ ጋ እንዳይደርስ ነው ያስተማረችኝ፤ እኔ ደግሞ ተምሬ፣ ሥራ ይዤ፣ ከደሞዜ ቀንሼ ሸክም ገዛሁ። ከዚህ በኋላ ወንዳወንድ ብላኝ አታውቅም። ፎቶዬንም አይታ አታደንቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀሚሱን ልሞክር ሽሮ ሜዳ ተመለስን። ልብስ ሰፊው አምስቱን ሳንቲም ከፊት ጨምሮታል። ለበስኩት፤ ከፊት ጨርቁ እንደ ባዶ ከረጢት ተንጠለጠለ፣ ጥልፉ ተጣጠፈ፣ ከኋላ ደግሞ እጄን ወደ ፊት ስዘረጋ ስፌቱ ተንጫጫ። እናቴ በዓይኗ «አላልኩም?» አለች። ሰውዬው ተናደደ፤ ሜትሩ አይዋሽም አለ። እኔ ሜትሩን ተቀበልኩትና አንድ ነገር እንዲለካልኝ ለመንኩት፦ ዙሪያውን ሳይሆን ከኋላ ብቻ፣ ከብብት እስከ ብብት።

ለካው። ድሮ የሰፋልኝን ቀሚስ በፌስታል ይዤው መጥቼ ስለነበር አውጥተን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነውና የሱንም ጀርባ ለካው። አምስቱም ሳንቲም ማለት ይቻላል እዚያው ነበር። ከፊት አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

«ጀርባሽ ነው እንዴ የሰፋው?» አለ። «የወንድ እንጂ የሴት ጀርባ ለክቼ አላውቅም።»

«ለካኸው እንግዲህ» አለች እናቴ።

ከፊት የጨመረውን ተረተረው፣ ከኋላ በሁለቱም ጎን ቅጥያ እንዲገባ በኖራ ምልክት አደረገበት። ደብተሩን ከፈተና በስሜ ገጽ ላይ «ደረት» ከሚለው ስር አዲስ መስመር አስምሮ «ጀርባ» ብሎ ጻፈ። የቅጥያውን ዋጋ ግን አስከፈለኝ።